ኬሞ ላይ ላለ ሰው የጉበት አጠባበቅ፦ እንቅስቃሴና ዕፅዋት በልካቸው

ኬሞ የተጀመረበት ቤት ሁለት ዓይነት ምክር አይጠፋውም። አንዱ ወገን «ተኚ፣ ዕቃ እንዳታነሺ» ይላል። ሌላው ጠርሙስና እንክብል ይዞ ይመጣል፦ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ከውጭ አገር የተላከ ቫይታሚን። ሁለቱንም ያመጣቸው ፍቅር ነው። ለጉበት ሲባል ግን መንቀሳቀሱ ይጠቅማል፤ ተጨምቆ ወይም በእንክብል ታሽጎ የመጣው ዕፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቀመጣል። ዕፅዋት የሚገቡት በድስት በኩል ነው።

እዚህ ለምሳሌ የያዝነው ለጡት ካንሰር በስፋት የሚሰጠውን ሕክምና ነው፦ በየ21 ቀኑ አራት ዙር ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ ከዚያ አራት ዙር ፓክሊታክሰል። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ መድኃኒት፣ በብዛት ከሰውነት የሚወጣው በጉበት በኩል ከሐሞት ጋር ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ጉበት እስኪቀይረው ድረስ ሥራ አይጀምርም። ፓክሊታክሰልንም የሚሰባብረው ጉበት ነው። ስለዚህ ጉበት ሲደክም ጉዳቱ እዚያው አያበቃም። ያልወጣው መድኃኒት ደም ውስጥ ቆይቶ መቅኔንና የአፍን ውስጥ ይመታል፤ ሐኪሙም መጠኑን ለመቀነስ ወይም ዙሩን ለማራዘም ይገደዳል። የታዘዘልዎ መድኃኒት ሌላ ከሆነ አብዛኛው ምክር እንዳለ ይሠራል፤ ቁጥሮቹን ግን ከራስዎ ሐኪም ጋር ያስተካክሉ።

1. ከመጀመሪያው ዙር በፊት

ሄፓታይተስ ቢ ሳይመረመር ኬሞ አይጀመር። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ኬሞው፣ እንዲሁም ለማቅለሽለሽና ለአለርጂ ተብሎ አብሮ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን፣ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክሙት ይነሳል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው የጉበት ጉዳት ከኬሞው ጉዳት ሊብስ ይችላል። ምርመራው ሁለት ነው፦ ሰርፌስ አንቲጅን (ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳይ) እና ኮር አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ከዚህ በፊት ገጥሞት እንደሚያውቅ የሚያሳይ)። ከጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች የሚነገረው የተለመደው ፈጣን ምርመራ የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚያይ፣ «ነፃ ነሽ» ቢባሉም ሁለተኛው መሠራቱን ይጠይቁ። ሰርፌስ አንቲጅን ከተገኘ ቴኖፎቪር ወይም ኤንቴካቪር ይታዘዛል፤ ኬሞው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬሞው ሲያልቅ ክኒኑንም ያቆማል፣ ቫይረሱ ከወራት በኋላ ይነሳል፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ጉበቱን የሚከታተል ሰው የለም።

ሁለተኛው ሥራ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይክተቱና ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ። የቲቢ መድኃኒት (አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድ)፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ ክኒን፣ የጉንፋን ሽሮፕ፣ ከባሕል ሐኪም የመጣ ጠርሙስ፣ ሁሉም ይግባ። «ይሄ እንኳ መድኃኒት አይደለም» ተብሎ የሚቀረው ነገር ነው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚሠራው።

2. የምርመራ ወረቀቱን ማንበብ

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይሰጣል። አንድ ደብተር ይያዙና በየዙሩ አምስት ቁጥር ብቻ ይጻፉ፦ ኤስጂፒቲ (ኤኤልቲ የሚባለውም እሱው ነው)፣ ኤስጂኦቲ (ኤኤስቲ)፣ አልካላይን ፎስፋታዝ፣ ቢሊሩቢን (ጉበት ከሐሞት ጋር የሚያስወጣው ቢጫ ቀለም)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን)። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ከጎኑ ላብራቶሪው የጻፈውን ከፍተኛ ልክ ያስፍሩ፤ ልኩ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያልና።

ከዚያ ማካፈል ብቻ ነው። ከፍተኛው ልክ 40 ሆኖ ኤስጂፒቲ 96 ቢመጣ 96 ለ40 ሲካፈል 2.4 ይሆናል። እስከ 3 እጥፍ ቀላል ጭማሪ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ክትትል እንጂ ማቋረጥ አያስፈልገውም። ከ3 እስከ 5 እጥፍ መካከለኛ ነው። ከ5 እጥፍ በላይ ከባድ ስለሆነ የሚቀጥለው ዙር ሳይሰጥ ሐኪሙ ማየት አለበት። ለዶክሶሩቢሲን የበለጠ የሚያስፈራው ቢሊሩቢን ነው። ከ1.2 እስከ 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስ መድኃኒቱ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ3.1 እስከ 5 ሲሆን ሩቡ ብቻ ይሰጣል፣ ከ5 ካለፈ አይሰጥም።

ሁለት የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። ነጭ የደም ሴል ለማሳደግ የሚወጋው ፊልግራስቲም አልካላይን ፎስፋታዝን ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ጭማሪ የመጣው ከአጥንት እንጂ ከጉበት አይደለም። ሁለተኛው የራስዎ ጡንቻ ነው። ኤስጂኦቲ በብዛት፣ ኤስጂፒቲም በጥቂቱ ጡንቻ ውስጥ ይገኛሉ። ያልለመዱትን ክብደት ያነሣ ጤነኛ ሰው እንኳ ለአንድ ሳምንት ያህል ሁለቱም ከፍ ብለው ሊታዩበት ይችላሉ። ውሃ የተሞላ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ በወጡ በማግስቱ ደም ቢሰጡ፣ ወረቀቱ ጉበትዎን ባልሠራው ወንጀል ሊከሰው ይችላል። ቢሊሩቢኑ ደህና ሆኖ ኤስጂኦቲ ከኤስጂፒቲ በልጦ ከታየ፣ ከባድ ነገር ማንሣትዎን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ምርመራ ነገሩን ይለየዋል።

3. እንቅስቃሴው

እውነቱን ለመናገር፣ እንቅስቃሴ ጉበትን ከራሱ ከዶክሶሩቢሲን መርዝ እንደሚከላከል የታየው በአብዛኛው በአይጦች ላይ ነው። ሰው ላይ በደንብ የታወቀው ሌላ ነው። መደበኛ የእግር ጉዞ፣ ክብደት ባይቀንስም እንኳ፣ ጉበት ላይ የተከማቸ ስብን ይቀንሳል። በኬሞ ወቅት ደግሞ ስብ የሚከማችበት ምክንያት ብዙ ነው፦ ዴክሳሜታዞን ስኳር ይጨምራል፣ መተኛት ይበዛል፣ ጠያቂ የሚያመጣው ጁስና ለስላሳ አለ። ስብ የያዘ ጉበት መድኃኒት ሲበዛበት ቶሎ ይቆጣል። ድካሙን መቀነሱም ትርፍ ነው።

የ21 ቀኑ አካሄድ እንዲህ ይሁን።

ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን፦ መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀን ከቤት መግባት በቂ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በግቢ ወይም በኮሪደር ይራመዱ። ካስመለሰዎት ፈሳሽ ተክቶ መብላት እስኪመለስ ይቆዩ።

ከ6ኛው እስከ 14ኛው ቀን፦ ነጭ የደም ሴል የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ ሰው የሚበዛበት ቦታ፣ ጂምም ጭምር፣ ይቅር። ጉዞው በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን። የጡንቻ ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ይሠራል፦ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ ግድግዳ መግፋት 8 ጊዜ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ፕላስቲክ በእያንዳንዱ እጅ ይዞ ክርንን ማጠፍ 10 ጊዜ። ትንሽ አርፎ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። የጡት ቀዶ ሕክምና የተደረገበት ወገን ክንድ በቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ ብቻ ይጀምራል። ድግግሞሽ ወይም ክብደት መጨመር ከፈለጉ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይጨምሩ፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይገባዎታል።

ከ15ኛው እስከ 21ኛው ቀን፦ ጉልበት የሚመለስበት ሳምንት ነው። ጉዞው ወደ 30 ደቂቃ ይደግ፣ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን። የጡንቻ ሥራው ግን ባለበት ይቆይ፣ አዲስ ነገር አይጨመርበት። ደም የሚሰጡት በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነውና ጡንቻው ወረቀቱን እንዳያበላሸው ነው።

ፍጥነቱን በመዝሙር ይለኩት። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዘመር ግን ካቃተዎት ልኩ ላይ ነዎት። መዘመር ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ብቻ ከወጣ ደግሞ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ደም ያነሰው ሰው ዳገቷ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሜዳ ይምረጡ። ፓክሊታክሰል ሲጀመር እግር ሊደነዝዝ ስለሚችል ነጠላ ጫማው ይቅርና የሚታሰር ጫማ ያድርጉ፤ ከወንበር የመነሳቱንም ልምምድ ግድግዳ አጠገብ ይሥሩት።

እንቅስቃሴ የማይሠራበት ጊዜ፦ ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ሄሞግሎቢን ከ8 ሲያንስ፤ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ከ20,000 በታች ሲሆን (ከ20,000 እስከ 50,000 ሜዳ ላይ መራመድ ብቻ)፤ ተቀምጠው ሳለ የልብ ምት ከ100 ሲያልፍ። ደረት ላይ ሕመም፣ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ከመጣ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ዶክሶሩቢሲን ልብንም ይነካል። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ ክብደት ማንሣትና ወገብ ማጠማዘዝ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይሞከርም።

4. ዕፅዋት በድስት በኩል

ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ጤፍ፣ ሁሉም አንቲኦክሲደንት የሚባሉትን፣ ሴልን ከኦክሲጅን ወለድ ቃጠሎ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ይዘዋል። በምግብ መልክ ሲበሉ መጠናቸው ሰውነት የለመደው ነው። ከየማዕዱ ግማሹ አትክልትና ጥራጥሬ ይሁን። እርድ አልጫ ውስጥ እስከ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይጎዳም። ዝንጅብል በሻይ ለማቅለሽለሽ ያግዛል።

ጎመን ሲዘጋጅ እጅ ማጠር የለበትም። ቅጠሉ አንድ በአንድ በሚፈስ ውሃ ስር ይታጠባል፣ በተለይ አፈር የሚደበቅበት የአንጓው ሥር። ከዚያ እስኪበስል ተቀቅሎ በሙቀቱ ይበላል። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት ጥሬ ሰላጣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብ ከማዕድ ይነሡ።

ቡና በዚህ ጉዳይ የሚገባውን ክብር አያገኝም። ከዕፅዋት መጠጦች ውስጥ ከጉበት ጤና ጋር በብዙ ጥናት ተደጋግሞ የተያያዘው እሱ ነው፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ ታይቶባቸዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በቀን ሦስት ስኒ፣ ስኳሩ ቀለል ብሎ፣ ይበቃል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ደም ካነሰዎት ቡናው የብረት ማዕድንን ስለሚያስቀር ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ዴክሳሜታዞን በሚወሰድባቸው ቀናት እንቅልፍ አስቀድሞ ጎድሏልና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይጠጣ። ዕጣኑ ካቅለሸለሸዎት ይቅር፤ ቡናው ያለ ዕጣንም ይፈላል።

ጉበት ራሱን የሚጠግነው በፕሮቲን ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይታሰባል፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ሁለት የበሰለ እንቁላል 12 ግራም ገደማ፣ ሁለት ኩባያ ወተት 16፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ መቶ ግራም የዶሮ ሥጋ 28 ገደማ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 74 ነው። በጾም ወቅት ይህን መሙላት ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነች እስልምና የታመመን ሰው በጾም አያስገድዱም፤ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከኢማሙ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። መጾሙን ከመረጡ ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስር በቀን ሁለት ጊዜ ይግባ፣ አኩሪ አተርም ይታከልበት።

የእህል ሻጋታን ነገር ብዙ ሰው አያስብበትም። የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ሽሮ አፍላቶክሲን የሚባል የጉበት መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቁላትም ሆነ ማፍላት ጨርሶ አያጠፋውም። ሽሮና በርበሬ በደንብ ደርቆ ይፈጭ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይዘጋጅ፣ ሽታው ከተቀየረ ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ይጣል።

5. ከኬሞ ጋር የማይሄዱ

በመጀመሪያ አንቲኦክሲደንት እንክብሎች፦ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኮኪው10። ዶክሶሩቢሲን የካንሰሩን ሴል ከሚመታባቸው መንገዶች አንዱ ኦክሲጅን ወለድ ቃጠሎ ማስነሳት ነው። እንክብሉ ቃጠሎውን ሲያጠፋ ጉበቱን ከዕጢው አይለይም። በ2020 የታተመ፣ 1,134 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ከኬሞ በፊትም በኬሞ ወቅትም እነዚህን እንክብሎች የወሰዱ ሴቶች ላይ በሽታው የመመለስ ዝንባሌው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ውጤቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ድንበሩ ላይ የቆመ ነው፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብል በራሱ ጉበት ይጎዳል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ (የአረንጓዴ ሻይ ዋናው ንጥረ ነገር) የጉበት ኢንዛይም ከመጨመር ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። በስኒ የሚጠጣው ሻይ ሌላ ነገር ነው። እርድ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በእንክብል ሲታሸግም ወደ ደም የሚገባው መጠን ድስት ውስጥ ካለው ጋር አይገናኝም፤ የጉበት ጉዳትም አድርሷል። ጊዛዋ ዛሬ በውጭ አገር ገበያ «አሽዋጋንዳ» ተብሎ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ይሸጣል። ሥሩን በእንክብል የወሰዱ ሰዎች የወፍ በሽታ ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ከአሜሪካም ከገልፍም በሻንጣ የሚላከው ይኸው ነውና መለያው ላይ ስሙን ይፈልጉ።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት በማንኪያ ሲጠጣ መድኃኒት የሚሰባብሩ የጉበት ኢንዛይሞችን ያዳክማል፤ ዳቦ ላይ የተነሰነሰው ፍሬ ግን አያሳስብም። ጤና አዳምም እንዲሁ ነው። ቡና ላይ የምትነከር አንዲት ቅጠል ሌላ፣ ተጨምቆ የሚጠጣው ሌላ። ግሬፕፍሩትም ይቅር። ሲሊማሪን የሚባለው የጉበት እንክብል ከሌሎቹ ይሻላል። በ2010 በታተመ ጥናት 50 የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ለ28 ቀን ወስደውት ኤስጂኦቲ ዝቅ ብሎ ታይቷል፣ ኬሞውን ሲቃወምም አልታየም። ሆኖም ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መድኃኒቶቹም ሌሎች ነበሩ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀመር።

ጫት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታን እንደሚጨምር ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት አሳይቷል፤ በኬሞ ወቅት ጨርሶ ይቁም። አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላና ቢራም እንዲሁ። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚሰጥ የባሕል መድኃኒትን በተመለከተ፣ ዕፅ ስለሆነ ብቻ ጉበት አይነካም የሚለው እምነት ትልቅ ስህተት ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ውስጥ፣ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አንድ አረም የብዙ ሰው ጉበት ያበላሸበትና ሕይወት የቀጠፈበት አጋጣሚ በጥናት ተመዝግቧል።

ፓራሲታሞል ከዕፅዋት ወገን ባይሆንም እዚህ መነሳት አለበት። ምግብ የማይበላ ሰው በቀን ከ4 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን (2 ግራም) አይለፍ። የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው አብረው ይቆጠሩ። ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ ይለኩ። 38 ከደረሰ ክኒን ወስዶ መተኛት ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ኢንፌክሽኑን ግን አያቆመውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

6. በየጠዋቱ የሚታይ

መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ አስታማሚው የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጎ ነጩን ይመልከት። አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም አይለይም። ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ የዓይኑ ነጭ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሽንትም እንዲሁ ያምታታል። ዶክሶሩቢሲን ከተሰጠ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቀይ ሽንት የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ፣ በቂ ውሃ እየተጠጣ፣ ጥቁር ሻይ የመሰለ ሽንት ከመጣ፣ ሰገራው ከነጣ፣ ቆዳ ያለ ሽፍታ ካሳከከ ወይም ከቀኝ ጎድን በታች ከከበደ የሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠበቅም።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሐኪም ያላዘዘው እንክብል፣ ዘይትና ዱቄት ሁሉ በዚያኑ ቀን ይቁም፤ የታዘዘውን፣ በተለይ የሄፓታይተስ ቢውን ክኒን፣ ግን በራስዎ አያቋርጡ። ቀጥሎ ያለፉት 7 ቀናት ይጻፉ፦ ምን ተበላ፣ ስንት ፓራሲታሞል ተወሰደ፣ ምን ተነሳ። ጭማሪው ከ3 እጥፍ በታች ከሆነና የወፍ በሽታ ምልክት ከሌለ የጡንቻ ሥራው ብቻ ቆሞ ጉዞው ይቀጥላል፤ ደሙም ሐኪሙ በሚወስነው ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ ይደገማል። ዙሩ ለሁለት ሳምንት ከተራዘመና መተኛት በዝቶ ከነበረ፣ ጉዞው ከ30 ደቂቃው አይጀምርም፤ ከ15 ተነሥቶ በየሁለት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨመርበታል።